ለሌለ መኪና የተሰመረ ግቢ

[የልብስ ሰፊው ግቢ። መሬቱ ላይ በኖራ ሁለት ሰፋፊ አራት ማዕዘኖች ተሰምረዋል። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። የሚስቱ ወንድም፣ የፕላን ቢሮው ሹም፣ ሻንጣ ይዞ እየገባ ነው።]

ሰፊው፦ መስመሩን አትርገጥ አልኩህ እኮ።

ሹሙ፦ ኖራ ነው፤ ፈንጂ አስመሰልከው።

ሰፊው፦ መኪና ቆሞበታል።

ሹሙ፦ የቱ መኪና?

ሰፊው፦ የሌለኝ።

ሹሙ፦ [እያቃሰተ] አንተን ለማስረዳት ዕድሜ አይበቃም።

ሰፊው፦ ልጄ ከነባሏ ከነሕፃኗ የስፌት ማሽኑ ሥር ነው የምትተኛው። በመንገዱ በኩል ሁለት ክፍል ልሥራላት ብዬ ቢሮህ ብመጣ፣ "ለአንድ ክፍል አንድ የመኪና ማቆሚያ" ብለህ መለስከኝ።

ሹሙ፦ ደንብ ነዋ። ያረቀቅሁትም እኔው ነኝ።

ሰፊው፦ ይኸው ማቆሚያውን አስቀደምኩ። ግቢው አለቀ። ክፍሎቹን የት ላድርጋቸው?

ሹሙ፦ ደንብ የነገን ያያል። ነገ መኪና ብትገዛስ?

ሰፊው፦ በመርፌ?

ሹሙ፦ አይታወቅም።

ሰፊው፦ ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ቦርሳዋን የተቀማችው እዚሁ ከግቢያችን ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ። የሚያይ ዓይን የለም።

ሹሙ፦ ዘበኛ ቅጠሩ።

ሰፊው፦ ልጄ እዚህ ጋ መስኮት ቢኖራት ዘበኛ ምን ያደርጋል? ማን ከማን ጋር እንዳለፈ፣ ስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ ምን እንደለበሰ ጭምር ትነግርሃለች።

ሹሙ፦ ሐሜት በፕላን አይካተትም።

ሰፊው፦ እሱስ አንተ ነህ የተማርከው። ሻንጣው የምንድነው?

ሹሙ፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] እህቴ አልነገረችህም?

ሰፊው፦ ለእኔ ማን ይነግረኛል።

ሹሙ፦ አከራዬ ክፍሌን ሊያፈርሰው ነው። ለጊዜው እናንተ ጋ ልጠጋ ብዬ...

ሰፊው፦ ምነው፣ ደህና ክፍል አልነበረም?

ሹሙ፦ ነበር። ተቆጣጣሪ መጥቶ... ማቆሚያ ይጎድለዋል አለ።

ሰፊው፦ አከራይህ መኪና አለው እንዴ?

ሹሙ፦ የለውም።

ሰፊው፦ አንተስ?

ሹሙ፦ በእግሬ ስመጣ አይተኸኛል።

ሰፊው፦ ይህን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ግን...

ሹሙ፦ በቃ፣ ገባኝ።

ሰፊው፦ [ሜትሩን አውርዶ ከአናቱ እስከ ጫማው ይለካዋል] አንድ ሜትር ከሰባ። ማቆሚያው አምስት ሜትር ነው፤ እንዳሻህ ትገላበጣለህ። የግራው ያንተ ይሁን።

ሹሙ፦ ሜዳ ላይ?

ሰፊው፦ ክፍል ከየት ላምጣ? ደንብህን አክብሬ።

ሹሙ፦ [ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ] እሺ። ነገ ማሻሻያ አቀርባለሁ። መኪና የሌለው ሰው ማቆሚያ አይጠየቅም። ልጅህም ቤቷን ትሠራለች፤ መስኮቱን በመንገዱ በኩል።

ሰፊው፦ [ከኪሱ ብዕርና ወረቀት አውጥቶ] ነገ ሩቅ ነው። አሁን ጻፈው።

ሹሙ፦ [ጽፎ ሲነሳ ጫማው ነጭ ሆኗል። ጎንበስ ብሎ መስመሩን ይነካል] ይሄ ኖራ እርጥብ ነው። መቼ ነው ያሰመርከው?

ሰፊው፦ [ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ] ዛሬ ጠዋት። አንተ ሻንጣህን ይዘህ እንደምትመጣ እህትህ ትናንት ነግራኝ ነበር።