ገለልተኛው የሄቪ ሜታል ዕጣ

ፍትሕ በጠፋበት ዘመን ፍትሕን ከገዛ ቤቱ ለጀመረ ሰው ምስጋና ሲያንሰው ነው። ይህ ሰው በወዳጆቹ ዘንድ «ሊቀ አድማጭ» ይባላል። ማዕረጉን ያገኘው አንድ ክፍል ሙሉ የሄቪ ሜታል ሲዲ ስላለው ነው፤ ጊታሩ የሚያገሳበት፣ ከበሮው የሚያብድበት፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪበጠስ የሚጮኽበት ሙዚቃ። ስለዚህ ጥበብ ማስረዳት ሲጀምር እንግዶቹ ድንገት ቀጠሮ እንዳላቸው ትዝ ይላቸዋል።

ችግር የፈጠረው ክፍሉ ነበር። የቤቱ ብቸኛ ልጅ የምትተኛው ከአያቷ ጋር በአንድ አልጋ ነው፤ አያትየዋ ይገላበጣሉ፣ ልጅቷ ትወድቃለች። ከዚያ ሁሉ ሲዲ ደግሞ የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ አልበም ብቻ፣ ያውም እንደ እሹሩሩ የለሰለሰው ነው። ሚስቱ ሰለቻት።

«ሌሎቹን የማታዳምጣቸው ከሆነ ክፍሉን ለልጅቷ ልቀቅላት» አለችው።

«እኔ? እኔ ነኝ የማላዳምጠው?»

ክብሩ ተነካ። ወዲያውም ታሪካዊውን ውሳኔ አስተላለፈ፦ ከእንግዲህ የሚደመጠው አልበም ያለ አንዳች አድልዎ በዕጣ ይመረጣል፤ የወጣው አልበም እስከ መጨረሻው ይደመጣል፤ አድማጩ አቋርጦ ከወጣ ክፍሉን በገዛ ፈቃዱ ያስረክባል። የዕጣ አስፈጻሚ ኮሚቴም ተቋቋመ። ሰብሳቢ እሱ፣ ጸሐፊ እሱ፣ ዕጣ አውጪም አሁንም እሱ። ገለልተኝነቱ እንዳይታማ ግን አማቱ፣ ማለትም የልጅቷ አያት፣ በታዛቢነት ተሰየሙ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሱ፣ ለቀልድ ጊዜ የሌላቸው ሴት ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የአልበሞቹ ስም የተጻፈባቸው ጥቅልል ወረቀቶች ድስት ውስጥ ተጨመሩ። ሊቀ አድማጭ ስለ እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፣ ዓይኑን በመሀረብ አሰረ፣ እጁን ሰዶ ሲያማስል ሲያማስል ቆይቶ አንዱን አወጣ። ዕድል ፍትሐዊ ናትና የወጣው ያው ለስላሳው አልበም ሆነ።

«እስቲ ወዲህ በለው» አሉ አማቱ። ወረቀቱን ዳበሱት። «ይሄ ለምንድን ነው የቀዘቀዘው?»

«የ... የአየሩ ጠባይ ነው፣ እማማ።»

«ሌሎቹ እኮ አልቀዘቀዙም።»

«አባዬ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ወረቀት ሲከት ነበር» አለች ልጅቷ።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አላበው።

ታዛቢዋ ቀዝቃዛውን ዕጣ ሰርዘው ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። እሳቸው ያወጡት አልበም ሲፈለግ ከመደርደሪያው ጥግ ተገኘ፤ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተቀደደም። ሚስቱ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው።

ማጫወቻው ተከፈተ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዘፋኙ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እንደሚነቀል ሰው ጮኸ። ሊቀ አድማጭ መጀመሪያ በአዋቂ ሰው ፈገግታ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ገረጣ። ከዚያ «ውሃ ልጠጣ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሲፈለግ የግቢው በር ጋ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ተገኘ።

አማቱ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«ዝም በይ! ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ተቀምጬ ስንቱ ሲጮኽ ሰማሁ። ሁሉም ሲያስመስል ነው። ይሄ ልጅ ግን ከልቡ ነው የጮኸው። በይ ሌላ ክፈቺልኝ።»

ውሳኔውን እዚያው በንባብ አሰሙ፦ ዕጣው በአግባቡ ወጥቷል፤ አልበሙ እስከ መጨረሻው ተደምጧል፤ ስለዚህ ክፍሉ ለአድማጩ ይጸናል። አድማጩ ደግሞ እሳቸው ናቸው። በዚያው ዕለት ጓዛቸውን ጠቅልለው ከሲዲዎቹ ጋር ገቡ፤ ልጅቷም አልጋው መሐል እግሯን ዘርግታ እየሳቀች ተኛች።

እሑድ ከሰዓት ሊቀ አድማጭ ገና ጋደም ከማለቱ ግድግዳው ያገሳ ጀመር። ቢታገስ፣ ቢታገስ አልሆነለትም። ሄዶ በሩን በጡጫ ደበደበ።

«እማማ! ኧረ በፈጠረዎት ይቀንሱት! ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?»

በሩ ተከፈተ። አማቱ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ላብ በላብ ሆነው ብቅ አሉ። ከእግር እስከ ራሱ በርኅራኄ አዩት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «ይሄ ላንተ አይሆንም። ሬዲዮ እገዛልሃለሁ።»