ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የላከው ካውቦይ

በየሰፈሩ የዘፈን ታሪክ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘፈኑን ግን ለማንም አያስጨርስም። እዚህ ውጭ አገር፣ የሰፈራችን የሲቲስኬፕ ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ተድላ ናቸው። በሥራ ቀን አውቶብስ ይነዳሉ፤ በኦፋቸው ቀን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቡት ጫማቸውን ተጫምተው፣ ስለ ካንትሪ ሙዚቃ ያስተምራሉ። ተማሪ የላቸውም፤ ያላቸው ታጋች ነው።

አንዲት የድሮ የፍቅር ዘፈን አለች፤ ሰውዬው የልጅቷ አባት በር ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየደበደበው የሚለማመጥባት። ጊታሩ ገና ክርር ሲል ጋሽ ተድላ እጃቸውን ያነሣሉ።

«ቆይ፣ ቆይ! የዚህችን ታሪክ ታውቃላችሁ?»

አላውቅም ያለ አያመልጥም፤ አውቃለሁ ያለም አያመልጥም። እሳቸው እንደሚሉት፣ ዘፋኙ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ፣ አባትየው ሦስቴም መልሰውበት፣ በአራተኛው በስንት መከራ ነው የሰጡት።

«ዳዲ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሽማግሌ?» ትላለች ልጃቸው ናሆሚ።

«ካውቦይ ወግ የለውም ያለሽ ማነው?»

ታሪኳን ክርስትና ላይ ተርከዋታል፤ ለቅሶ ቤት ተርከዋታል። አንዴማ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፋቸው ተከፍቶ ጀምረዋት ነበር። ናሆሚ ከማፈሯ የተነሣ፣ አባቷ ባሉበት መኪና ውስጥ ጓደኞቿን ሬድዮ አታስነካም።

ከዚያ ፋኑኤል መጣ። ማለቴ፣ በወጉ ሽማግሌ ላከ። ናሆሚ ፋኑኤልን ከልቧ ትወደዋለች። አባቷ እምቢ ካሉ ደግሞ ጥሳ እንደማትወጣ ራሷን ታውቃለች።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ መጡ፤ መሪያቸው አቶ የሺዋስ። ፋኑኤል «ስለ ዘፈን ካነሡ፣ ፕሊስ፣ እውነት ነው ብቻ በሉ» ብሎ መክሯቸዋል። ናሆሚ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች።

ሽማግሌዎቹ እሺ እስኪባሉ ድረስ አንቀመጥም ብለው፣ እንደ ወጉ ቆመው ልጅቷን ለመኑ። ጋሽ ተድላ መልስ በመስጠት ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በር ላይ ቆሞ መለመን ከተነሣ...» ብለው ያቺኑ ታሪክ አወረዷት።

አቶ የሺዋስ ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ሐቀኛ ሰው ደግሞ ስልክ ሲይዝ አይጣል ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ። ሰውዬው ዘፈኗን የጻፋት ሆቴል ቁጭ ብሎ ነው። ልጅት የምትባል የለችም።»

የጋሽ ተድላ ጆሮ ቀላ።

«የለችም? እንግዲያው እኛም ዘንድ ልጅ የለችም! ሽማግሌ ሳይመላለስ ልጅ አይሰጥም።»

ወይ ጉድ! የናሆሚ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ይሄኔ እናቷ ወይዘሮ ሠናይት ፎጣቸውን እንደያዙ ከኩሽና ወጡ።

«ይበቃል፣ ተድላ! ሦስቴ የመለሰህ የኔ አባት ነው። ያ ምስኪን ዘፋኝ ምን አደረገህ?»

ናሆሚ እናቷን አየች፤ አባቷን አየች። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እወድሻለሁ ማለት አፍረው፣ በሰው ጊታር ሲናገሩት ኖረዋል! ስንቴ አቋርጣቸዋለች፣ ስንቴ ሙድ ይዛባቸዋለች! ሳቋ መጣ። ሄዳ ጥምጥም ልትልባቸው አማራት።

ጋሽ ተድላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። ሚስታቸውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ሽማግሌዎቹን።

ቁጭ አሉ።

«ለልጁ ንገሩት፤ እኔ በአንድ ቀጠሮ ነው የሰጠሁት።»