የአባ ፈትለክ የዓይን ምስክር

አበሻ በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንድ የዓይን ምስክር አይታጣም። ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው እዚያው ዳር ቆሞ ነበር። መንግሥት ሲገለበጥ በአጥር ቀዳዳ እያየ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ በስደት ያለን የኮሎምበስ ከተማ ሰዎች ደግሞ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ የደረሱን ጋሼ ማዘንጊያ ናቸው።

ክቡርነታቸው ዎርዝንግተን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ፣ በላውንድሪው፣ ማለትም በልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሠራሉ። መኪና ስለማይነዱ ማታ ማታ ወደ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ታዲያ እዚያው መጦሪያ፣ በአንደኛው ክፍል፣ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ ሚስተር ሆራስ ፔንደር የሚባሉ ሰውዬ አሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የዛሬ ሰባ ዓመት ግድም፣ የአጭር ርቀት ሩጫ ሻምፒዮን ነበሩ። ጋሼ አንሶላ ሊቀይሩ ገብተው ከተዋወቋቸው ወዲህ ድልድዩንም መንግሥቱንም እርግፍ አድርገው ትተው፣ የሚስተር ፔንደር ሩጫ የዓይን ምስክር ሆነው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ እርስዎ አልተወለዱም!» እላቸዋለሁ።

«በዓይኔ በብረቱ!» ይሉኛል፣ ትክ ብለው እያዩኝ።

በአቶ ለማ ልጅ ክርስትና ዕለት ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ሲያዳምጣቸው ነበር። ወሬያቸውም ይህ ነው፦ ሚስተር ፔንደር የጡብ ሠሪ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የመንደራቸውን ሐኪም ፈረስ እየተከተሉ ሲሮጡ አደጉ። ኮሎምበስ መጥተው ቀን ጫማ ፋብሪካ ይሠራሉ፣ ሲመሽ ሜዳ ይወጣሉ። መሮጫው የከሰል አመድ የተደለደለበት ነው። መነሻ ላይ እግር የሚያሳርፉበት ነገር ስላልነበረ እያንዳንዱ ሯጭ በአትክልት መኮትኮቻ የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ሲሮጡ ጭብጣቸው እንዳይላላ የጠርሙስ ቡሽ ይይዛሉ። ከዚያ ሽጉጡ ይተኮሳል፣ መጨረሻው ላይ የተወጠረውን የሱፍ ክር በደረታቸው በጥሰው ያልፋሉ። ሦስት በጋ በተከታታይ የሚቀድማቸው ጠፋ።

«ቡሹንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ በላ!» አሉ የጋሼ ባለቤት እትዬ ሸዋረጋ ከወዲያ።

«ታዲያ ማን አቀበለው መሰለሽ?»

ጀግና ያለ ፈረስ ስም አይሆንምና ጋሼ «አባ ፈትለክ» ብለው ስም አወጡላቸው። ስም ከወጣ ደግሞ መፎከር አለ። አንድ ቀን በመጦሪያው ኮሪደር የወለል መወልወያውን እንጨት እንደ ጦር ይዘው «ዘራፍ! የአባ ፈትለክ ወዳጅ!» ብለው ሲወረወሩ፣ ነርሶቹ ሰው የሚገድል መስሏቸው እየጮኹ መጡ። የጋሼ አለቃ ራይት አፕ አደረጓቸው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ሚስተር ፔንደር ግን አልጋቸው ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ነገሩን እንዲደግሙላቸውም ለመኑ።

እኔም የኋላ ኋላ ጋሼን የምወስድበት ሰዓት ሳይደርስ ወደ መጦሪያው መሄድ ጀመርኩ። የመስከረም ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ትተኛለች። ጋሼ ያጠፉትን ፎጣ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ ጋር እያቀላቀሉ ያወራሉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የሽጉጡ ቦታ ሲደርስ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ይንቀሳቀሳል። እኔም ያልነበርኩበት ሜዳ አመድ ሲሸተኝ፣ ተመልካች ሴቶቹ ሰፋፊ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲነሡ ይታየኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነቅቶ ማን እንደሚያልም መለየት አይቻልም ነበር።

በጋሼ ወሬ ውስጥ የሌለ አንድ ሩጫ ግን ነበር። እሱን የነገረችኝ ከአፐር አርሊንግተን ሰፈር እየመጣች ሚስተር ፔንደርን የምትጠይቃቸው የእህታቸው ልጅ ናት። በአራተኛው በጋ፣ ባሕር ማዶ ለሚደረገው ውድድር ሯጭ ሲመረጥ፣ ዳኛው ሚስተር ፔንደርን «ከተኩሱ በፊት እጅህ ተነቃንቋል» አላቸው። በጊዜው ደንብ አንድ ያርድ፣ አንድ እርምጃ ያህል፣ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲነሡ ተደረገ። በደረት ስፋት ተቀደሙ፤ መርከቡም ሌላውን ሰው ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን የጫማ ፋብሪካ ፎርማን ሆነው ኖሩ፣ አገቡ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ። እጃቸው ተነቃንቆ ይሁን አይሁን ግን ራሳቸውም አያውቁም። በዚህ መጸው ነገሩ ብሶባቸው ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ። «እጄ ተነቃንቋል?» ይሏታል ምሳ የምታመጣዋን ልጅ። ያዩ ሰዎች ሁሉ ሞተዋል። ጋሼን ስለዚህ ሩጫ ሳነሣባቸው «እንዲህ ያለ ሩጫ አላውቅም» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ስንገባ ሽማግሌው ምግብ ካቆሙ ሰንብተው ነበር። ሐኪሙ ለእህታቸው ልጅ የሚነግራትን ነግሯታል። ሽማግሌው የጋሼን እጅጌ ያዙ።

«ማዝ፣ አንተ እዚያ ነበርክ። እጄ ተነቃንቋል?»

እፎይ አልኩ። ላላዩት ነገር ሁሉ ሲምሉ የኖሩ ሰው አንድ ቃል ቢናገሩ ሽማግሌው በሰላም ሊያርፉ ነው። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«አልተነቃነቀም ይበሏቸው እንጂ፣ ጋሼ!» አልኩ በአማርኛ። «ምን ይከብዳል?»

«አንተ ልጅ፣ ፉከራ ሌላ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ፉከራ ላይ ያሻህን ጨምር፤ የሚጠይቅህ የለም። ይሄ ግን ፍርድ ነው። ሰውየው ሊሄድ ነው። በፍርድ ላይ ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ወደ አልጋው ጎንበስ አሉ። «አይ ዋዝ ኖት ዜር፣ ሚስተር» አሉ። «ኔቨር።» በጭራሽ እዚያ አልነበርኩም ማለታቸው ነው።

የሽማግሌው እጅ ከጋሼ እጅጌ ተንሸራቶ ወደቀ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በጋሼ ላይ እንዲያ የተናደድኩበት ቀን አልነበረም።

ጋሼ ግን አልተቀመጡም። ጃኬታቸውን ከአንድ ትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ አገር ቤት ችሎት ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ንገርልኝ» አሉኝ። «ምስክር መሆን አልችልም። ዋስ ግን እሆናለሁ።»

እንዴት ብዬ ልተርጉመው? ገንዘብ የሚያሲዝ ዋስ አይደለም። «በእኛ አገር» አልኳቸው ሽማግሌውን፣ «ሰው ሲከሰስ የሚያውቀው ሰው ተነሥቶ ይቆምለታል። ይህ ሰው አላጠፋም፣ አጥፍቶ ከተገኘ እኔን ያዙኝ ይላል። እዚያ መኖር የለበትም። ሰውየውን ማወቅ ይበቃዋል።»

ሚስተር ፔንደር ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «አጥፍቼ ከሆነስ?»

ጋሼ ሳልተረጉምላቸው ገባቸው። «እኔን አንድ ያርድ ወደ ኋላ ያቁሙኝ!»

ሽማግሌው ሳቁ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር፤ ግንባራቸው ላይ ተቋጥሮ የከረመው ነገር ግን ተፈታ። ዓይናቸውን ሊከድኑ ሲሉ፣ የድሮው ፎርማንነታቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ በጣታቸው ወደ ጋሼ ጠቆሙ።

«እሺ፣ ለእሱስ? የዚህ ውሸታም ዋስ ማን ይሆናል?»

ጃኬቴን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ ከጋሼ አጠገብ ቆምኩ።

«እኔ» አልኩ።