የሊቀመንበሩ ጥንዚዛ

ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ ስሙ ካልተጻፈለት የሚታመም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን፣ ጂንካ ሳስተምር ገጥሞኛል።

የባዮሎጂ መምህሩ ባልደረባዬ ከቀይ አፈር ከተማ ገበያ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ገዝቶ መጣ። ውስጡ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተች ጥንዚዛ አለች። በአጉሊ መነጽር መረመራትና፣ «አዲስ ዝርያ ናት፤ ስም ላወጣላት ነው» አለ።

ይህን የሰሙት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርተው ጥንዚዛዋን በራሳቸው ስም አሰየሟት። ከዚያ ባልደረባዬ ስለ ጥንዚዛዋ የጻፈውን መግለጫ አነበበ፦ «የፊት እግሮቿ እበት ለመቆፈር የተሠሩ ናቸው።»

ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምን? እበት?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምግቧ እሱ ነው።»

አለቀለት፣ ታሰረ አልኩ። ሊቀመንበሩ ግን ላባቸውን ጠርገው፣ «ጓዶች፣ ክብር ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠት የለበትም» አሉ። «ጥንዚዛዋ በምክትሌ ስም ትጠራ!»