ጋሼ ተንታኝ በአየር ላይ

በየቤተሰቡ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ፊት ስለ ኩላሊት፣ ሹፌር ፊት ስለ መሪ ያስተምራል። በዚህ ቤተሰብ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የውኃ ፓምፕ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡት አጎት ነበሩ፤ ማዕረጋቸውም «ጋሼ ተንታኝ»። አባቷ ሲሞት ወስደው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ፣ አብራቸው በሄደችበት ሁሉ አንገቷን ስትደፋ ነው ያደገችው።

ወደ ልጃቸው ምረቃ አብረው ሲበሩም፣ ገና አውሮፕላኑ ሳይነሳ አስተናጋጇን ቀበቶ ማሰር አስተማሯት።

ለማረፍ ሲቃረቡ የአብራሪው ድምፅ ተሰማ። «ክቡራን መንገደኞች፣ ስናርፍ ፍጥነት የሚቀንስልን የክንፉ ክፍል አልዘረጋ ብሏል። ለዚህ ሠልጥነናል። ረጅም ማረፊያ ወዳለበት ከተማ ዞረን፣ ከወትሮው ፈጠን ብለን እናርፋለን።»

ጋሼ ተንታኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔን ብትሰሙኝ፣» አሉ ጮክ ብለው፣ «ይሄ ንግግር ሲፈታ ፍሬን የለም ማለት ነው!»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች እናት ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶው ከወንበር ወንበር ተዛመተ። አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች።

«አባባ፣ ፍሬን አለን። እባክዎ ሰው አያሸብሩ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ ናቸው?»

ልጅቷ መሬት ተከፍታ እንዳትውጣት ብትመኝ እንኳ መሬቱ ሩቅ ነው። «አይ፣» አለች፤ «አላውቃቸውም።»

አጎቷ ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም። «ጎንበስ በሉ!» ሲባል ጎንበስ አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም እንዲሉላት ስትመኝ የኖረችው ልጅ፣ ዝም ሲሉ ያኔ ገና ፈራች።

ጎማው መሬቱን በኃይል መታው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር፣ ሲንደረደር ቆይቶ ሜዳው ሳያልቅ ቆመ። ጭብጨባው ቀለጠ። የእሳት አደጋ መኪኖች ከበቡት።

ልጅቷ ግን የሳቸውን ዓይን ማየት አቃታት። አስተናጋጇ ስታልፍ ክንዷን ያዘቻት። «ቅድም ዋሽቼሻለሁ። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው።»

«አልዋሸችሽም ልጄ፣» አሉ ጋሼ ለአስተናጋጇ። «ያን ጊዜ እኔም ራሴን አላወቅሁትም። ፈርቼ ነው የለፈለፍኩት።»

ተነሥተውም እናትየዋን ይቅርታ ጠየቁ። ሲመለሱ ትከሻቸው ወርዷል።

ልጅቷ በመስኮቱ አየች። «ጋሼ፣ ጎማው ለምንድን ነው የሚጨሰው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ።»

ይህን ከሳቸው አፍ ሰምታ አታውቅም፤ አንጀቷን በላት።

«እስቲ ይገምቱ።»

አመነቱ። ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «መቼም… ፍሬን ሳይኖረው አይቀርም።»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ቀስ ብለው ማስረዳት ጀመሩ፤ በሮቹ እስኪከፈቱ ድረስ አንዲት ቃል ሳታቋርጣቸው ሰማቻቸው።