የጋሎን ባላባት

ቤተ ክርስቲያንና ገበያ እንደማያጣ ሁሉ፣ የሰማውን ልኬት በሌላ ልኬት ካልመነዘረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሚያጣ ከተማ የለም። የፍኖተ ሰላሙ ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው፤ አያ ሃይለ ሚካኤል፣ የጋሎን ባላባት።

ደርግ በወደቀ ሰሞን የእርዳታ መጋዘን ውስጥ ዘይት ሲያስረክቡ አለቃቸው አሜሪካዊ ነበር። ሰውየው አገሩ ከገባ ዓመታት አለፉ፤ ጋሎኑ ግን እሳቸው ዘንድ ቀረ። የሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክመህ ስታልፍ ያስቆሙሃል። «አምስት ጋሎን ከሩብ ነው፤ ትንሽ ታልፋለች» ይሉሃል። አንገትህ እየተሰበረ አመስግነህ ትሄዳለህ። ሳቢሃ ሱቅ አንድ ሊትር ዘይት ሊገዙ ይገቡና፣ ሊትር የጋሎን ሩብ መሆኑን፣ ትንሽ እንደምታልፍም አስረድተው ሲወጡ ዘይቱን ረስተውት ይሄዳሉ። ለልጅ የታዘዘ የሳል ሽሮፕ ካዩማ፣ አምስት ሚሊ ሊትሩን በአውንስ መንዝረው እናትየዋን ያስጨንቋታል።

እኔ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። እህቴ መስከረም ልትዳር ሲሆን ግን መሸሻ አጣሁ። እናቴ የሰርጉ ጠላ እንዳያንስ ሰግታ አስጠራቻቸው፤ ጠላ ያነሰበት ድግስ እስከ ልጅ ልጅ ይወራላ! ጋኖቹን በሊትር ለኩ፣ ሊትሩን በጋሎን፣ ጋሎኑን በአውንስ መነዘሩና ለእድምተኛው አካፈሉት። ይበቃል፣ እንዲያውም ትንሽ ታልፋለች ብለው ፈረዱ።

ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። የጎጃም ሰው ግን በአውንስ አይጠጣም። ቀጂው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል፤ ዋንጫውን እስኪፈስ ይሞላል፤ እንግዳው ጎንጨት ባለ ቁጥር በሞቴ ብሎ ይጨምርበታል። ይህን አሜሪካዊው አላስተማራቸውም። የሙሽራው ወገን ከቡሬ ሲገባ ጋኑ ቢዘነበል አተላ ብቻ ወጣ። እናቴ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልወርድባቸው ብፈልግ አያ ሃይለ ሚካኤል የሉም። ጥለውን ሸሹ ብዬ በሆዴ ረገምኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ በጓሮ በር መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ጀሪካን የተጫነች አህያ ከኋላ ይነዳሉ። ለራሳቸው የማኅበር ተራ የጠመቁት ጠላ ነው። እናቴ እንባዋ መጣ፤ ነገ ማኅበርተኛው ምን ሊጠጣ ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

አያ ሃይለ ሚካኤል ዓይናቸውን ከጀሪካኑ አላነሱም። «ትንሽ ታልፋለች አላልኩም?» አሉ።

አሁን በደጃቸው ሳልፍ ካላስቆሙኝ ቅር ይለኛል። ባዶ ጀሪካንም ብይዝ፣ ራሴ ቆሜ ስንት ጋሎን እንደሚይዝ እጠይቃቸዋለሁ።