ጣራ ላይ የተሰጣ ሰንሰል

መድኃኒት የሚለቅምን ሁሉ «ቅጠል በጣሽ» እያሉ ሲያሙ ኖረው፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የዚያችኑ ቅጠል በጣሽ ደጅ የሚያስጠኑት ሰዎች ገጥመውዎት ያውቃሉ? እኔን ገጥመውኛል። ጎረቤቴ በዚሁ ስም ከጽዋ ማኅበር አስወጥታኛለች።

ጥቅምት ላይ ልጇ መጣ። «እትዬ፣ ለቁስል የሚሆነውን ሰንሰል ያሳዩኝ፤ መድኃኒቱን ከቅጠሉ አውጥቼ ጀርም ላይ ልሞክረው።»

አሳየሁት። በወሩ ተመልሶ «ቅጠልዎ ባዶ ነው፤ ጀርሙን ምንም አላደረገውም» አይለኝም!

«የት አደረቅኸው?»

«ቆርቆሮ ጣራ ላይ፣ ፀሐይ ላይ።»

«ምነው ልጄ፣ በርበሬ መሰለህ?»

ጥላ ውስጥ አድርቄ ሰጠሁት። አሁን ጀርሙ ሞተ። እየሮጠ መጣና «አለቃቀሙንም ከነምስጢሩ ይንገሩኝ፤ አንድ ሳላስቀር እጽፈዋለሁ!» አለኝ።

አለቃቀሙ ምን ምስጢር አለው? እኔ ግን ሃያ ዓመት የቋጠርኩት ቂም ነበረኝ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነው የሚለቀመው፤ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ። ለቃሚዋም የተመራማሪው እናት መሆን አለባት።»

ከደብተሩ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦ «ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው ወይስ እንዲሁ?»